ኳሱ ላብ አይቆጥርም

ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ «እኔ እኮ ጉልበት የለኝም» የሚለውን ቃል ከልጃችሁ አፍ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። የ13 ዓመቷ ልጄ ይህን ያለችኝ በጎልፍ ምክንያት ነው። «ጎልፍ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛ በምንኖርባት በዋሽንግተን ከተማ ግን የሕዝብ የጎልፍ ሜዳዎች ስላሉ፣ አንድ ባልዲ ኳስ ገዝቶ መለማመድ ለሀብታም ብቻ የተተወ አይደለም። ልጄ የጀመረችበት ላንግስተን የተባለው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ለጥቁሮች ነበር። በ1937 ዌክ ሮቢን የተባለውን ክበብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶችም ሜዳ እንዲሰጣቸው ለመንግሥት አቤት ብለዋል። ይህን ለልጄ ነግሬያታለሁ።

ልጄን ያስመረራት አብረዋት የጀመሩት ወንዶች ልጆች ኳሱን አርቀው መምታታቸው ነው። እነርሱን ለመድረስ ጥርሷን ነክሳ፣ ዱላውን ጨምድዳ፣ ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ሰቅላ ትመታለች። ኳሱ ግን ሣሩ ላይ ተንከባሎ ቅርብ ይቀራል። አንድ ቀን ማታ የተላጠ መዳፏን እያሳየችኝ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። እኔን ያሳሰበኝ ጨዋታውን መተዋ ሳይሆን፣ ሴት በመሆኗ አካሏ የጎደለው ነገር ያለ መስሏት መተዋ ነው።

አሠልጣኟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ክንዳቸው የቀጠነ ሴት ናቸው። ከአጠገባቸው አንድ ግዙፍ ሰው እያቃሰተ ሲመታ፣ እርሳቸው ያለ አንዳች ግርግር ከእርሱ አርቀው ይሰዳሉ። የጎልፍ ኳስ ክብደት 46 ግራም አይሞላም፤ ከዱላው ጋር የሚነካካውም ለአንድ ሴኮንድ ሁለት ሺህኛ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ለኳሱ ቁም ነገሩ የዱላው ራስ መፍጠኑና መሐል ለመሐል መግጠሙ እንጂ የመቺው ድካም አይደለም። ዱላውን አጥብቆ የጨበጠ እጅ አንጓውና ክንዱ ይገተራሉ፤ የተገተረ ክንድ ደግሞ አይፈጥንም። የሚታገል ሰው ሚዛኑም ስለሚናጋ ኳሱን በዱላው ዳር ያገኘዋል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የቡሄ ጅራፍ ነው። በሰፈራችን ጅራፉን ከሁሉ አብልጦ የሚያጮኸው ልጅ ቀጫጫው ነበር። እንቅስቃሴው ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ አንጓ፣ ከዚያም ወደ ጅራፉ ጫፍ ሲተላለፍ እየፈጠነ ይሄዳል፤ የሚጮኸውም ጫፉ የድምፅን ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። በጎልፍም አስቀድሞ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልጄ ግን እጇን ታስቀድም ነበር።

አንዳንድ ወላጆች «ቀስ ብለሽ ምቺ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህም አይረዳም፤ ዱላው የግድ መፍጠን አለበት። በበኩሌ ጉልበት ዋጋ የለውም አልልም። በሙያቸው የሚጫወቱ ወንዶች የዱላቸው ራስ በአማካይ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲፈጥን፣ የሴቶቹ 150 ገደማ ነው። ይሁንና ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በ59 ምት ጨርሳለች። ስንቱ ጡንቸኛ በመቶ እንኳ አይጨርሰውም!

አሠልጣኟ በሌላው ቅዳሜ ፍጥነት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አመጡ። ልጄ ባላት ኃይል ሁሉ ስትመታ መሣሪያዋ 100 ኪሎ ሜትር አሳየች። «አሁን ዱላውን እንደ እንቁላል ያዢው፤ ከዳሌሽ ጀምሪ» አሏት። 107 ሆነ። ልጄ ቁጥሩን አየችና «መሣሪያዋ ተበላሽታለች» አለች። ደግማ መታች፤ ያው ሆነ።

አዲስ አበባ ላለችው እኅቴ ለቡሄ ጅራፍ እንድትልክልን ጽፌላታለሁ። በዚህ አፓርታማ ውስጥ የት እንደምናጮኸው ግን ገና አልመከርንበትም።