ነገርን ቀርቦ ስለ ማየት

የሰው ዓይን ሩቁን ለማየት ሲጓጓ ቅርቡን ይስታል። ተራራውን ከነጉሙ እያየ የሚያደንቅ ሰው በደጁ በበቀለችው አበባ ውስጥ ምን እንዳለ ቢጠይቁት መልስ ያጥረዋል። በፎቶግራፍ ሥራም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ሌንስ የሚሠራው ሰውን፥ ቤትንና አገርን ለማሳየት እንጂ የንብን ክንፍ ለማሳየት አይደለምና።

በስዊድን አገር ቪክቶር ሃሰልብላድ የሚባል ሰው በ1948 ዓ. ም. በስሙ የሚጠራውን ካሜራ ለዓለም አሳየ፤ እዚህ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ይህ ሰው አዕዋፍን እጅግ የሚወድና ስለሚፈልሱ ወፎችም መጽሐፍ የጻፈ ነበረ። በ1957 ዓ. ም. 500 ሲ የተባለው ካሜራ ተከተለ። በፊልሙ ላይ የሚቀረው ሥዕል ጐኑ ሁሉ እኩል 56 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን ከአንድ ጥቅል ፊልም 12 ሥዕል ብቻ ይወጣል። በ1969 ዓ. ም. ሰዎች በጨረቃ ላይ በቆሙ ጊዜ የያዙት ካሜራ ከዚሁ ቤት የወጣ ስለ ነበረ ስሙ ከሩቅ ነገር ጋራ ተያይዞ ቀረ። ይኸው ካሜራ ወደ አንድ ነገር ከስንዝር ባነሰ ርቀት ሲጠጋ ስለሚሠራው ሥራ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

መደበኛው ሌንስ፥ 80 ሚሊሜትር የሚባለው፥ ከ90 ሣንቲሜትር ገደማ ይልቅ የቀረበውን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም። ነገሩ ወደ ሌንሱ በቀረበ መጠን ምስሉ የሚጠራበት ስፍራ ከሌንሱ በስተኋላ እየራቀ ይሄዳል፤ ሌንሱ ግን ከፊልሙ ወደ ፊት የሚወጣበት መጠን የተወሰነ ነው። እንግዲህ ወደ ነገሩ ለመቅረብ የሚሻ ሰው ሌንሱን ከገዛ ካሜራው ማራቅ አለበት። ለዚህ የተሠራው ማራዘሚያ ቱቦ ነው። ቱቦው በውስጡ አንዳች መስተዋት የለበትም፤ የካሜራውን ኃይል ወደ ሌንሱ መዝጊያ ከሚያደርስ ትንሽ ዘንግ በቀር ባዶ ነው። ሲገጠም ቱቦው ከካሜራው፥ ሌንሱም ከቱቦው በተራ ይገጠማል፤ ሲፈታ ግን ሌንሱ ይቀድማል። ይህን ሥርዐት ያፈረሰ ሰው ዘንጉ ይቈለፍበትና ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

የ21ና የ55 ሚሊሜትር ቱቦዎች አንድ ላይ ቢቀጠሉ በፊልሙ ላይ ያለው ምስል ከነገሩ ከራሱ ጋራ ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ኃይሉ ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል፤ 500 ሲ በውስጡ የብርሃን መለኪያ የሌለው ስለ ሆነ ይህን ማስላት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ከዚህም በቀር የሌንሱ ቀዳዳ 16 በሚባለው ቍጥር ቢጠብ እንኳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከዚያ አብልጠው ቢያጠቡት ብርሃኑ የቀዳዳውን ጠርዝ እየታከከ ስለሚበተን ሥዕሉ ሁሉ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ንብን ብቻ በሥዕሉ ሙሉ ማየት ለሚሻ ሰው ትንሹ ካሜራ ይሻለዋል፤ ፊልሙ በሰፋ መጠን ምስሉን ይበልጥ ማተለቅ ያስፈልጋል፥ ባተለቁትም መጠን ጥልቀቱ ያንሳልና። ይሁን እንጂ በሰፊው ፊልም ላይ ጥላና ብርሃን እርስ በርሳቸው የሚሸጋገሩበት ልስላሴ በትንሹ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ፋብሪካው የዚህን ወገን ካሜራ መሥራት በ2013 ዓ. ም. ካቆመ በኋላም እንኳ ያገለገለውን ገዝተው የሚሠሩበት ብዙዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዱ ለረዥም ጊዜ በአበባና በቅጠል ላይ ሲለማመድ የቈየ ሰው ነበረ። እናቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥጥ ፈታይ ናቸው፤ ነገር ግን ጣታቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ለሚመጣው ዓመት እንዝርት መያዛቸው አጠራጣሪ ሆነ። ሰውዬውም ሁለቱን ቱቦዎች ቀጥሎ ካሜራውን በባለሦስት እግሩ ላይ አቁሞ በመስኮቱ አጠገብ ቀረባቸው።

«ልጄ፥ ፊቴን ትተህ ጣቴን ለምን ትፈልገዋለህ?» አሉት።

«ፊትሽንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል እመዬ።»

ብርሃኑን ቢለካ በ16 ቍጥር ግማሽ ሰኮንድ አለው፤ ቱቦዎቹ ስለሚወስዱት ብርሃን ሲያስብለት ሁለት ሰኮንድ ሆነ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁለት ሰኮንድ ዝም አይልም። ቀዳዳውን ወደ 8 ቢከፍተው ጊዜው ወደ ግማሽ ሰኮንድ ተመለሰ፤ ጥልቀቱ ግን ወደ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ወረደ። በዚህ ጥልቀት ጣቱና ፈትሉ ሁለቱም ሊጠሩ አይችሉም። ፈትሉን ቢመርጥ የእናቱ እጅ ጭጋግ ይሆናል፤ እጁን ቢመርጥ የዕድሜያቸው ሥራ የሆነው ክር ይጠፋል። ብዙ ካመነታ በኋላ ፈትሉ የጣታቸውን ቈዳ የሚነካበትን አንዲት ስፍራ መረጠ፤ በዚያች ስፍራ ሁለቱ አንድ ናቸውና።

እናቱ አንጓቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እርሱም ራሱን አጐንብሶ ከላይ ወደ ካሜራው መስተዋት ተመለከተ። በዚያ መስተዋት ቀኙ ግራ ሆኖ ስለሚታይ እጃቸው ፈቀቅ ባለ ቍጥር ካሜራውን ወደ ተሳሳተው ወገን እየገፋ ብዙ ደከመ። እንዲህ ባለው ቅርበት ሌንሱን ማዞር እምብዛም አይረዳም፤ ካሜራው ራሱ በፀጉር ስፋት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል እንጂ። መዝጊያው ጠቅ ባለ ጊዜም የውስጡ መስተዋት ተነሥቶ ስለሚቀር ፊልሙ እስኪጠቀለል ድረስ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። በዚያች ግማሽ ሰኮንድ ጣታቸው ይንቀጥቀጥ ወይም ይርጋ ለማወቅ አልቻለም። አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

ፊልሙ በታጠበ ጊዜ የረጋው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሰፊ ወረቀት ላይ ቢያሳትመው ፈትሉ እንደ ሲባጎ ወፈረ፤ በጣታቸው ላይ ክር ሲያልፍበት የኖረውም ጐድጓዳ መሥመር እንደ እርሻ ትልም ታየ። እናቱ ዓይናቸው ለቅርብ ስለ ደከመ ሥዕሉን በክንዳቸው ርዝመት አርቀው ያዙትና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ይህስ የእናቴ እጅ ነው» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «ፈትሉ ግን የኔ ነው፤ እርሷ እንዲህ ወጣ ገባ አድርጋ አትፈትልም ነበር» አሉ።