የአባቴ ፖስታ

አባቴ ጡረታ በወጣ ማግሥት፣ በ1991 ዓ.ም.፣ የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ጀመረ። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረው በስተርጅና ነበርና ጣቶቹ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ማኅተም ይረግጡት ነበር። ጽፎ ሲጨርስ በሦስት ፍሎፒ ዲስኮች ገልብጦ፣ ከፕሮግራሞቹ ጋር በካኪ ፖስታ አኖረው። ከዓመታት በኋላ «ልጄ፣ ወደ አዲሱ ገልብጥልኝ» ሲለኝ «ነገ» አልኩት። ነገ፣ ነገ ስል እሱ ዐረፈ።

ፖስታውን የከፈትኩት ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የፍሎፒ ማንበቢያ ተውሼ ብሞክር ሁለቱ ዲስኮች ተነበቡ፤ ሦስተኛው ሲንገጫገጭ ቆይቶ ዝም አለ። የተነበቡትን ስከፍታቸው ግን ያየሁት አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ለላቲን ሆሄያት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የእኛን ፊደላት ይስሉ ነበር። አመዳደባቸውም የየራሳቸው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሌለ ጽሑፉ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፕሮግራሙስ ፖስታው ውስጥ ነበር። ነገር ግን ባለ16 ቢት በመሆኑ በእኔ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አልጫንም አለ። አዲሱ ቤት አሮጌውን እንግዳ አላስገባም አለ ማለት ነው።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ሌላ ቤት መሥራት ሆነ። ይህም ምናባዊ ማሽን ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድን ግዙፍ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው፣ ለእያንዳንዱ የግሉ እስኪመስለው ድረስ፣ ያካፈሉበት ዘዴ ነው። ዛሬ ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ያንኑ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ያደርገዋል። ከማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ጥቂት ይቆርሳል፤ አንድ ተራ ፋይል ወስዶም «ይህ ሃርድ ዲስክህ ነው» ይለዋል። በዚያ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ በሰው ቤት መሆኑን ሳያውቅ ይኖራል።

እኔም የአባቴን የዊንዶውስ 98 ሲዲ ገልብጬ ሥራ ጀመርኩ። እንግዳ ይከበራል ብዬ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ብሰጠው አልነሣ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያን ያህል በረከት በእሱ ዘመን አልተለመደም። ወደ 256 ሜጋባይት ዝቅ ሳደርገው ተነሣ። ኢንተርኔት ግን ከለከልኩት፤ የጥበቃ እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለቆመ ለዛሬ ሌቦች የተከፈተ በር ነውና። የአባቴን ፋይሎች በሲዲ መልክ አቀበልኩት። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ እንዳለ ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ ቢበላሽ ወደዚያው መመለስ ነው። «ነገ» ካልኩበት ቀን በፊት እንዲህ ያለ ቅጂ በኖረኝ!

በሦስተኛው ሌሊት ፊደሎቹ መጡ። በአሥራ ስድስት ቀለም ብቻ በሚታይ ጠባብ መስኮት ውስጥ የአባቴ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተነበበ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእጅ ሥራ ሆነ። በአንዱ መስኮት እያነበብኩ በሌላው በዩኒኮድ መልሼ እጽፋለሁ። ሠራዊትን በንጉሡ ሠ፣ ሰላምን በእሳቱ ሰ ለይቶ ይጽፍ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ሁሉንም በአንዱ ሰ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛው ዲስክ የሚያልቀው አባቴ እናቴን ሊያገባ ሽማግሌ የላከበት ቀን ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ እንደቆሙ ቀሩ፤ ይግቡ አይግቡ የሚናገረው ሦስተኛው ዲስክ ነበር።

በየቤቱ እንዲህ ያለ ፖስታ አይጠፋም። ዲስክ ደግሞ እንደ ብራና ዘመን አይታገሥም። ማሽኑን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ የሞተውን ዲስክ ግን የሚያስነሣ ምናባዊ ማሽን የለም።

እናቴ ግን አለች። እሑድ ደብተሬን ይዤ እሄድና «ከዚያስ?» እላታለሁ። ነገ ማለት ትቻለሁ።