ለቢላዋ እጀታ ወይራ ወይስ ቀንድ?

ብረቱ ደህና የሆነ ቢላዋ እጀታው ስለተሰነጠቀ ብቻ አይጣልም፤ ይቀየርለታል። በምን ይቀየር ሲባል ብዙዎች ቀንድ ይመርጣሉ። ማማሩን አልክድም፤ የበሬ ቀንድ በደንብ ሲወለወል ከጥቁሩ መሀል ብቅ የሚለው ነጣ ያለ መስመር ዓይን ይስባል። (የአውራሪስ ቀንድን ግን አታንሱብኝ፤ የጥንት ጎራዴዎችን ቢያስጌጥም፣ እንስሳው እያለቀ ስለነበር ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል።) ቀንድ ቢያምርም ለወጥ ቤት ቢላዋ እኔ ወይራን አስቀድማለሁ። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፤ ሲሞረድ እንኳ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይጣመምና ከብረቱ ይላቀቃል። በየቀኑ ለሚታጠብ ዕቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ወይራስ ውሃ አይጠጣም ወይ? ይጠጣል። ነገር ግን እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በአብዛኛው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ የእንጨቱ መስመር በእጀታው ርዝመት እንዲሄድ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በስስ በስሱ ይቀባል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ስለሚጠነክር ውሃው ቶሎ እንዳይሰርግ ያግዛል። ፕላስቲክ ይህን ሁሉ ልፋት አይጠይቅም ለሚሉኝ፣ ቢላዋው ውሃ ውስጥ ለሚውልበት ሆቴል እስማማለሁ፤ ለቤት ግን ሲያረጅ በአሸዋ ወረቀት ታሽቶና ዘይት ጠጥቶ የሚታደሰውን ወይራ አልለውጥም። ዛፉ አይቆረጥ የሚለው ስጋት የእኔም ስጋት ነው። ለእጀታ የሚያስፈልገው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ ስለሆነ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ወይም ከአናጺ ቤት የተረፈ ጉማጅ ይበቃል።