ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። መንገዱ ከደጀን ደጋ ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ከላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ታች ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ከሥር በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጎሐ ጽዮን ዳገት ይጀምራል። በዚህ መንገድ ሞተር ቢደክም መንገደኛው ይዘገያል፤ ፍሬን ቢደክም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እኛ ከባሕር ዳር የተነሣነው እናታችንን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ለማድረስ ነበር። ሁለት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ በማግሥቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። መኪናችን ከአባታችን የቀረችው ረጅሟ ላንድሮቨር ስትሆን፣ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው። ታናሽ ወንድማችን ይነዳል። ደምበጫን ካለፍን በኋላ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ መሳብ ጀመረች።

ደብረ ማርቆስ፣ በጥንት ስሟ መንቆረር፣ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ዙህርና ዐስርን አንድ ላይ ሰግደን ባሕር ዛፎች ሥር ወዳለ አንድ ጋራዥ ገባን። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የፊት ግራውን ጎማ በክሪክ አስነሥተው ታምቡሩን ሲያወልቁት፣ ሸራው በዘይት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ አርጅቶ አፍስሶ ኖሯል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ከጎማው ሥር ቅባት ካየን ወራት አልፈዋል፣ «ቆይ፣ ይደርሳል» እያልን ትተነዋል።

ወንድማችን «ጋሼ፣ በቤንዚን አጥበን እንሂድ፤ ተወኩለን እንወርዳለን» አላቸው።

«ልጄ፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይጠራም» አሉት። «ላዩ ይደርቃል፣ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። የሚሞቀው ደግሞ እዚህ አይደለም፤ እዚያ በረሃው ላይ ነው።»

«እንግዲያው የግራውን ብቻ ይቀይሩልን።»

«አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ትክክል አይነክሱም። የፊት ሁለቱ ጎማዎች እኩል መቀየር አለባቸው።»

በከተማው ሱቆች የተዘጋጀ ሸራ አላገኘንም። ስለዚህ ከአራቱ ብረቶች ላይ አሮጌው ሸራ ተነሥቶ አዲስ በሪቬት መመታት ነበረበት። ይህም እስከ ምሽት ይፈጃል፤ በሌላ አነጋገር ቀጠሮው አለፈ ማለት ነው። ሁላችንም ወደ እናታችን ዞርን። ከመኪናው ሳትወርድ ሁሉንም ስትሰማ ኖሯል። «ለአንድ ዓይን ብዬ አራት ነፍስ ይዤ ገደል አልገባም» አለች። «ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ ነው። እሰሯት!»

ሥራውን ቆመን አየን፤ ወጣቶች ቢማሩበት ብለን እንጽፈዋለን። ሽማግሌው የታምቡሩን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ እንጂ አቧራውን በአፋቸው አልነፉም፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ሊኖር ይችላልና። በመጀመሪያ ዘይት ያፈሰሰውን ጎማ ቀየሩ፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱም ሸራ ዘይት ይጠጣል። የቀኙን ጎማ የፈቱት የግራው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ሞላዎቹ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚያዙ ሲጠፋ፣ ያልተፈታውን አይቶ መግጠም ይቻላል። ሪቬቶቹ ከሸራው ፊት ዝቅ ማለታቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጎልተው ከቀሩ ታምቡሩን ይቧጥጡታል። ታምቡሩ ከገባ በኋላ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ ድረስ አጠበቁት፤ ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ጥቂት መለሱት። ፔዳሉን ደጋግመው አስረግጠው እንደገና አስተካከሉ። ሲጨርሱ መሽቶ ነበር። ለእናታችን ከቤታቸው ቡና አስመጡላትና «እናቴ፣ ነገ በሰላም ይወርዳሉ» አሏት።

በማግሥቱ ፈጅር ሰግደን ተነሣን። እስከ ደጀን ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንደ ታዘዝነው፣ አልፎ አልፎ ፍሬኑን በዝግታ እየያዝን አዲሱን ሸራ ከታምቡሩ ጋር አላመድነው። ደጀን ላይ ወርደን አራቱንም ጎማዎች በእጃችን ሙቀታቸውን ዳሰስን፤ ከሌላው ለይቶ የጋለ አልነበረም።

ቁልቁለቱን የወረድነው በከባድ ማርሽ ነው። ፍሬን የመኪናን ፍጥነት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከተያዘ ታምቡሩ ግሎ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ሸራውም የመንከስ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋን ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ይደረጋል፤ ፍሬኑ የሚነካው ለአፍታ ነው። ወንድማችን በየመታጠፊያው ሲነካው ላንድሮቨሯ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል ቀጥ ትል ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማንም ሳያዘው «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ቀጠሮው እንዳሰብነው አለፈ። ሌላ የተሰጠን ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ዘመድ ቤት ተቀመጥን። ወንድማችን በመዘግየታችን ሲያዝን እናታችን «አሥራ ሁለት ቀን ምን አላት?» አለችው። ፋሻው የተፈታላት ዕለት መጀመሪያ ያየችው የእርሱን ፊት ነበር፤ «ከስተሃል» አለችው።

ወላጆች ሆይ! አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ከጎማችሁ ሥር ቅባት ስታዩ «ቆይ» አትበሉ። ልጆቻችሁንም ጠርታችሁ አሳዩአቸው።