ለአራዳ ቁልቁለት የሚበጅ ጎማ

በአራዳ ሜዳማ መንገድ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። ከጊዮርጊስ በላይ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከማዘጋጃ ቤት በታች ደግሞ የቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ አድርጎ ወደ ለገሃር ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት ለእግረኛ ዕረፍት ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን ፈተና ነው።

ብስክሌት ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ እንደ መጣ ሁሉ፣ ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬንና ጎሚስታ የምንላቸውም ቃላት ከዚያው የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ልካ ነበር። ዛሬ ብዙውን ወጣት የሚማርከው የተራራ ብስክሌት ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ጎዳናው ሲሰፋ፣ ለብስክሌት መሄጃ የሚሆን መንገድ ተለየ።

ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ በኩል አራዳ የሚደርስ ሰው 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በመንገዱም የባሕር ዛፍ ቅጠል የለበሰ ቀይ አፈር፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት የመንደር መንገድ፣ በመጨረሻም አስፋልት ያገኛል። ጭቃውን የሚይዘው ጥርሱ ረዘም፣ ዘርዘር ያለ ጎማ ነው። በእርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ረጅም ጥርስ መቆንጠጫ ያጣል፤ እዚያ የሚያድነው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ለስላሳ ላስቲክ ከድንጋዩ ጋር ይጣበቃል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፤ ሲነዱትም ይከብዳል።

እንግዲህ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ጸሓፊ ወይም ተማሪ አንድ ጥሩ ጎማ ብቻ መግዛት ቢችል፣ ከፊት ያግባው ወይስ ከኋላ? ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው አዲሱን ከኋላ ያገባል። ይህ ለኪስ ይመቻል፤ ለነፍስ ግን አይመችም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። የኋላው ቢንሸራተት ነጂው ሊያቃናው ይችላል፤ የፊቱ ከከዳ ግን ሳያስበው መሬት ላይ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የክረምት ጧት ጥርሱ ያለቀ የፊት ጎማ ይዞ ከጊዮርጊስ በታች ሲወርድ ይህን በክርኑ ተምሯል።

ስለዚህ ለስላሳውና ጥርሱ ጠንከር ያለው ለፊት ይሁን፤ ጠጠር ያለውና ርካሹ ለኋላ ይበቃል። ለቁልቁለት የሚሠሩት ጎማዎች ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.4 እስከ 2.5 ኢንች ነው። ሲገዙ የላስቲኩን ጥርስ በጥፍር ተጫን ማድረግ ይገባል፤ ለስላሳው እሺ ይላል፤ ፀሐይና ዕድሜ ያደረቀው ግን እንደ ቀንድ ይሆናል፤ ጎኑም ይሰነጣጠቃል። በጎማው ጎን ያለው ቀስት የሚዞርበትን አቅጣጫ ስለሚያሳይ ተገልብጦ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው።

ነፋሱም መጠን አለው። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ በድንጋይ ላይ ይነጥራል እንጂ አይይዝም። እንደ ነጂው ክብደት በካሬ ኢንች ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ይበቃል። በጣም ከጎደለ ደግሞ ድንጋዩ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ይበሳዋል።

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች ከመልቀቁ በፊት ወርዶ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ የሚሞክር ወጣት፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ ይዘገይ ይሆናል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ግን በጤና ይደርሳል።