ለመከራከር ፈቃድ የጠየቅን ጊዜ

መጥሪያው መርካቶ ሱቃችን የደረሰው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አባቴ በቆርቆሮና በሚስማር ንግድ ያረጀ ሰው ነውና ክስ ብርቁ አልነበረም፤ «ቀጠሮው ሲደርስ ሄጄ መልስ እሰጣለሁ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊከተው ሲል ተቀብዬ አነበብኩት። የሱቁን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ እንደ ወትሮው መልስ ይዛችሁ ቅረቡ አይልም። ክሱ የቀረበው በአጭር ሥነ ሥርዓት ስለሆነ፣ በተሰጠን ጊዜ ውስጥ መከላከያ ለማቅረብ ካላስፈቀድን ለከሳሽ ይፈረድለታል ይላል። የተጠየቅነው 860,000 ብር ነው።

ከሳሹ በዱቤ ዕቃ የሚሰጠን አስመጪ ነበር። አባቴ የዕዳ ማመኛ ሰነድ ፈርሞለታል። ከፊርማው በኋላ ግን የዛገውን ቆርቆሮ ጭነን መልሰንለታል። ሰውዬው ይህን ትቶ ሰነዱን ብቻ አያያዘና ተከሳሹ መከላከያ እንደሌለው በቃለ መሐላ አረጋገጠ።

ልደታ አንዲት ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄድን። አባቴ ገና ሳይቀመጥ፣ «ልጄ፣ አምስት ሳንቲም የለበትም ብለሽ ጻፊልኝ» አላት። የብዙ ዘመን ደንበኛው ስለከሰሰው አንጀቱ ቆስሏል።

«ጋሼ፣ በሰነዱ ላይ ፈርመው እንዲያው የለብኝም ቢሉ አይፈቀድልዎትም» አለችው። «በቃለ መሐላዎ መከላከያዎ ሙሉውን ገንዘብ ነው ወይስ ከፊሉን የሚመለከተው የሚለውን መግለጽ አለብዎት። የመለሱት ዕቃ የስንት ብር ነው?»

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 284 እስከ 292 ያለውን ያስረዳችን እሷ ናት። ቼክ ወይም የተጻፈ ውል በእጁ ያለ ሰው፣ ልኩ ለታወቀ ገንዘብ ዓመታት እንዳይጉላላ መንገዱ አጠረለት። እውነተኛ ክርክር ያለው ተከሳሽም በሩ አልተዘጋበትም፤ መከላከያውን በመሐላ ዘርዝሮ ያስፈቅዳል። ፍርድ ቤቱም ያለ ምንም ግዴታ፣ አለዚያም ዋስትና አስይዞ ወይም ገንዘብ አስቀምጦ ሊፈቅድለት ይችላል።

ማታውን የደረሰኝ ጥራዞቹን ስናገላብጥ የዕቃ መመለሻውን አገኘነው። በካርቦን የተገለበጠ ሰማያዊ ቅጂ ነው፤ የአስመጪው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ፈርሞበት፣ ከጎኑ በእጅ ጽሑፍ «የዛገ» ብሎበታል። ስንደምረው 540,000 ብር ሆነ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ዝም አለ። ቆይቶ «እንግዲያው ሦስት መቶ ሃያው የሱ ነው» አለ። በማግስቱ ቃለ መሐላው እንደዚያው ተጻፈ፤ ደረሰኙም ተያያዘ።

ዳኛው ባመንነው 320,000 ብር ላይ ወዲያው ፈረዱብን፤ በቀረው ላይ ያለ ዋስትና እንድንከራከር ፈቀዱልን። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ለምን አመናችሁ ብሎ ወቀሰን። እኔ ግን ያን ቀን ችሎት ውስጥ ያየሁትን አየሁ። ዳኛው ደረሰኙን ከሰነዱ ጋር አስተያይተው ያነበቡት ልዩነቱን በቁጥር ስላስቀመጥንላቸው ነው። ሁሉንም ክደን ብንቀርብ ኖሮ እውነታችንም ከሐሰታችን ጋር አብሮ በወደቀ ነበር።

አባቴ አፈጻጸም ሳይጠብቅ ሲፒኦ አሠርቶ 320,000ውን ከፈለ። «ያመንኩትን ሳልከፍል በካድኩት አልከራከርም» አለ። በዋናው ክርክር የንብረት ክፍል ሠራተኛው ቀርቦ ፊርማው የራሱ መሆኑን መሰከረ፤ የ540,000ውም ክስ ውድቅ ተደረገ።