መንጠቆ የጣለ ሰው ዓይኑን የት ያኖራል?



ወንጌላውያን ስለ ዓሣ ማጥመድ ሲናገሩ አብዝተው የሚጠቅሱት መረብን ነው። መንጠቆ የተነሣው በአንድ ስፍራ ብቻ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ነው። በቅፍርናሆም የቤተ መቅደሱን ግብር የሚቀበሉ ሰዎች ወደ ጴጥሮስ በቀረቡ ጊዜ፣ ጌታችን ወደ ባሕር ሄዶ መቃጥን እንዲጥል አዘዘው፤ መጀመሪያ በሚወጣው ዓሣ አፍ ውስጥም እስታቴር እንደሚያገኝ ነገረው። መጽሐፉ መቃጥን ያለው ዛሬ መንጠቆ የምንለውን ነው። መረብ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው፤ የያዘውም በክብደቱ ይታወቃል። መንጠቆ ግን የአንድ ሰውና የአንድ ዓሣ ጉዳይ ነው። የጣለው ሰው በጨለማው ውኃ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቀው በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። ስለዚያች ምልክት ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ፤ እኛም በዚህ ገዳም በየዕለቱ የምንሠራው ሥራ ከእርሷ ጋር የሚገናኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

በወጣትነቴ በጣና ዳር ቅኔ ስንማር፣ የባላገሩ ልጆች የሚያጠምዱት በሸምበቆ ነበር። ሸምበቆ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ዓሣው መብሉን በነካ ጊዜ ሥሩ ሳይነቃነቅ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹም ከውኃው ይልቅ ጫፉን ይመለከቱ ነበር። ዛሬ ዘንጉ በፋብሪካ ቢሠራም ነገሩ ያው መሆኑን የተረዳሁት፣ ተሳላሚዎችን ይዤ ወደ ገሊላ ስወርድ በጥብርያዶስ አጠገብ ካወቅሁት አንድ ሽማግሌ ነው። ሰውየው ቤተ እስራኤል ነው፤ የደምቢያ ተወላጅ። እርሱ በጣና አጠገብ ያደገ፣ እኔም በጣና ዳር የተማርሁ፤ ከጣና ርቀን በሌላ ውኃ ዳር ተገናኝተን በአማርኛ ተጨዋወትን።

ሁለቱ ውኆች በከፍታ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተኝቷል፤ የገሊላ ባሕር ግን ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሆኖም ሁለቱም ጨው የሌለባቸው ውኆች ናቸው፤ አምባዛም በሁለቱም ይኖራል። ሽማግሌው አምባዛ በያዘ ጊዜ፣ ቅርፊት የሌለው ነውና በኦሪት ሕግ መሠረት አይበላውም፤ መንጠቆውን ቀስ አድርጎ ነቅሎ ይለቀዋል። የሚሻው ከውኃው ወለል መብሉን የሚለቅመውን ጢማም ዓሣ ነው። ለተሳላሚዎች በየምግብ ቤቱ የጴጥሮስ ዓሣ ተብሎ የሚቀርበው ከቆሮሶ ወገን የሆነው ሙሽት ነው። የዚያ ባሕር ዓሣ አጥማጅና ተመራማሪ የነበረው ሜንደል ኑን ግን፣ ሙሽት በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ነገሮችን የሚመገብ በመሆኑ መንጠቆ እንደማይስበው፣ ጴጥሮስም የያዘው ጢማሙን ዓሣ መሆን እንዳለበት አስረድቷል።

ጢማሙ ዓሣ ከታች ስለሚበላ መብሉ በእርሳስ ተከብዶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ የለም፤ ምልክቱ ያለው በዘንጉ ጫፍ ነው። ለዚህ የሚሆነው ዘንግ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ተለዋጭ ጫፎች አሉት፤ ከሩቅ እንዲታዩም ደማቅ ቀለም ይቀባሉ። ጥንካሬያቸው በኦንስ ይለካል፤ አንድ ኦንስ 28 ግራም ያህል ነው። የ1 ኦንስ ጫፍ ለስላሳ ነው፤ የ3 ኦንስ ጠንከር ያለ ነው። ከፋይበር ግላስ የተሠራው በቀስታና በልስላሴ ይጎብጣል፤ ከካርቦን የተሠራው ግትርና ፈጣን ነው።

«የትኛው ይሻላል?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅሁት። «አባ፣ እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ውኃውን ይጠይቁት» አለኝ።

ውኃው ጸጥ ያለ፣ ዓሣውም ፈሪ በሆነ ጊዜ ለስላሳው ጫፍ ይመረጣል። ጫፉ ግትር ከሆነ ዓሣው መብሉን በከንፈሩ ሲሞክር የሚቋቋመው ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ደንግጦም ይተፋዋል፤ አጥማጁም አንዳች አላየም። በዮርዳኖስ ወራጅ ውኃ ግን፣ ወይም በበጋ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት፣ ለስላሳው ጫፍ አይጠቅምም። ዓሣ ገና ሳይመጣ ውኃው ክሩን እየገፋ ጫፉን እስከ መጨረሻው ያጎብጠዋል። ከዚያ በኋላ ዓሣ ቢስብ እንኳ ጫፉ የሚጎብጥበት አቅም አልቀረውም። እንግዲህ መልካሙ ጫፍ ውኃው በጥቂቱ ያጎበጠው፣ ለዓሣው ግን ገና ብዙ የተረፈው ነው። አቀማመጡም ሥርዓት አለው። ዘንጉ ከክሩ ጋር ማዕዘን መሥራት ይገባዋል፤ ወደ ዓሣው ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ጫፉ ምንም አይናገርም። ነፋስ ሲበረታ ጫፉን ወደ ውኃው ዝቅ ያደርጉታል፤ በወራጅ ውኃ ግን አብዛኛው ክር ከውኃው እንዲወጣ ከፍ ያደርጉታል።

ጫፉን መምረጥ የሥራው እኩሌታ ነው፤ እኩሌታው ደግሞ ማንበብ ነው። ጫፉ ድንገት ተስቦ ወዲያው ቢመለስ፣ ብዙ ጊዜ ዓሣው መብሉን አልነካም፤ ሲያልፍ ጎኑ ክሩን ነክቶት ነው። ለዚህ የሚቸኩል ሰው ሌሎቹን ያባርራል። ጫፉ ቀስ እያለ ጎብጦ ካልተመለሰ ግን ዓሣው ይዟል። ሦስተኛዋ ምልክት ከሁሉ ይልቅ ታስደንቀኛለች። ጎበጥ ብሎ የነበረው ጫፍ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ክሩም ይላላል። ያላወቀ ሰው ዓሣው ትቶ ሄደ ይላል። ሽማግሌው ግን በዚያን ጊዜ ፈጥኖ ዘንጉን ያነሣል። ዓሣው መብሉን ይዞ፣ እርሳሱን ከስፍራው አንቀሳቅሶ፣ ወደ እርሱ እየመጣ ነውና።

ከዚህ ሁሉ መንጠቆውን ለምሳሌ አልወስድም፤ መንጠቆ ያቆስላል። የምወስደው ጫፉን ነው። ወደዚህ የሚመጣ ተሳላሚ ብዙውን ጊዜ በዕድሜው አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በፊታችንም የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የልቡን ነገር ሁሉ በዚያች ደቂቃ ዘርግቶ አያሳየንም። አንዲት እናት በጸሎት የሚጠሩ ስመ ክርስትናዎችን በወረቀት ጽፋ አመጣችልኝ። ስታቀብለኝ ጣቷ ከአንዱ ስም ላይ አልነሣ አለ። ስለዚያ ስም ጠየቅኋት። በስደት መንገድ ባሕር ሲሻገር ከጠፋ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጇ ነበር። ስሙን ከሕያዋን ጋር ታስጠራው ወይስ ከሙታን፣ የሚነግራት አጥታ ኖራለች፤ የመጣችውም ይህን ልትጠይቅ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አንደበት አጣች። «እግዚአብሔር ያለበትን ያውቃል፤ እስኪገለጥልን ድረስ ከሕያዋን ጋር እንጠራዋለን» አልኋት። እስከ ዛሬም እንጠራዋለን።

ይህ የሆነው ጸጥ ባለ ቀን ነው። በሰሙነ ሕማማት ግን ዴር ሱልጣን እንደ ወራጅ ውኃ ይሆናል። መንገድ የሚጠይቅ፣ ማደሪያ የሚሻ፣ የጠፋ ሻንጣ የሚፈልግ፣ በአንድነት ይገፋል። በዚያን ሰዓት ለግፊቱ ሁሉ የሚጎብጥ አባት ገና በማለዳው ጎብጦ ያልቃል፤ እንደዚያች እናት ያለች ስትመጣ የሚሰማበት አቅም አይተርፈውም። ስለዚህ እንዲህ ባለው ቀን ጠንከር ማለት ጭካኔ አይደለም፤ ለከባዱ ነገር ስፍራ መጠበቅ ነው። በጸጥታው ወራት ግን ያንኑ ጥንካሬ ይዞ መቀመጥ ፈሪውን ያስደነግጣል፤ ሊናገር የመጣውንም ሳይናገር ይመልሰዋል። ደግሞም ብዙ ቀን ሲያለቅስ ያየነው ሰው በድንገት «ደኅና ነኝ፣ አባ» ብሎ ዝም ቢል፣ ነገሩ አለቀ ብለን ፈጥነን አናሰናብተው። ሸክሙን ከስፍራው አንሥቶ ወደ እኛ እየመጣ ሊሆን ይችላልና።

እናንተም ተሳላሚዎች ወደ ገሊላ በወረዳችሁ ጊዜ፣ በዳርቻው ተቀምጠው የሚያጠምዱትን ብታዩ ጥቂት ቆማችሁ ዓይናቸውን የት እንዳኖሩ ተመልከቱ። በገዳሙ የምንኖር ደግሞ ማለዳ በሩን ከመክፈታችን በፊት የዛሬው ውኃ ምን ዓይነት እንደሆነ እንጠይቅ፤ ልባችንንም እንደዚያው እናዘጋጅ። ትንሿን ምልክት የምናይበትን ዓይን እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።